በሦስተኛው ስንኝ ላይ ያልከው

ውድ ቬስ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። የአንተን ጤና አልጠይቅም፤ የቀበርኩህ እኔው ነኝ። የእኔን ብትጠይቅ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል እንጂ ጭንቅላቴ እንደ ድሮው ነው። ሱቁም አለ። ላማር ጎዳና ላይ አንተ ከምታውቃቸው ሱቆች ውስጥ እስከ ዛሬ በሩን የሚከፍተው የእኛ ብቻ ነው። ሸክላ ሞተ ሲባል ካሴት ሸጥኩ፤ ካሴት ሲሞት ሲዲ ሸጥኩ፤ ሙዚቃው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ ሲባል ኩባያ፣ ካናቴራና የቤተ ክርስቲያን ማራገቢያ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ሸክላ ከሞት ተነስቶ፣ የደንበኞቼ የልጅ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። አንተ ብታያቸው ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ዋጋ ጨመርኩ።

ሱቁን ስዘጋ የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማዴን አልተውኩም። የገባ ዕቃ፣ የወጣ ዕቃ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የሞተ ሰው። ስሜት አልጽፍበትም፤ በማግስቱ ሲያነቡት ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ሰሞኑን የሆነው ነገር ግን እዚያ ውስጥ አልገባ አለኝ። የአንተ የሆነውን ነገር፣ አንተን ሳላማክር፣ አሳልፌ ሰጠሁ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር?

አልበሙ ሃምሳ ዓመት ሞላው። «በሩን አልቆለፍኩም»። የሸክላ ኩባንያው በአዲስ እትም ሊያወጣው፣ እኛም በኒው ቤርሳቤህ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ልናከብርለት፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ስንዘጋጅ ነበር።

ያ የተቀዳበት ቀን እንዴት እንደነበር ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ትመስላለህ። ግን አይደለህም። አንተ ጀርባህን ለክፍሉ ሰጥተህ ኦርጋኑ ላይ ነበርክ። የሁሉንም ፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ የተጠበሰ አምባዛ በወረቀት ጠቅልዬ አምጥቼ፣ ስቱዲዮ በሆነው የድሮው የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ ደረጃ ላይ ተቀምጬ። ዘፋኛችሁ ጁኒየስ ብራንች እናቱን የቀበረው ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ስቱዲዮ መጣ። ሁላችሁም «ሂድ ቤትህ፣ ሌላ ቀን እንቀዳለን» አላችሁት። «ቤት ብሄድስ ማን አለ?» አለ እንጂ አልሄደም። አልበሙ በስሙ የተጠራበትን ዘፈን ሁለታችሁ የጻፋችሁት እሷ በሕይወት ሳለች ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያለችው እናት፣ ልጇ እስኪገባ በሩን ሳትቆልፍ የምታመሸዋ፣ እሷ ነች።

እዚያ ሲደርስ ጁኒየስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ባሱም ከበሮውም መሄዳቸውን አላቆሙም። አንተ ራስህን እንኳ ሳታዞር፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን እንደሚባለው፣ «ቀስ በል ወንድሜ። ቀስ በል» አልከው። እሱም ቀስ አለ። ከዚያ በኋላ ያወጣውን ድምፅ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ቃሉን ስትናገር ማንም ቀና ብሎ አላየህም። እኔም አላየሁህም። ዘማሪ ጉሮሮው ሲዘጋበት ከአግዳሚዎቹ መሃል አንድ ሰው አይዞህ፣ እንጠብቅሃለን ለማለት «ቀስ በል» ማለቱ፣ ለዚያ ክፍል ሰዎች፣ ወንበር ሲንቋቋ እንደመስማት ነው። ሁላችንም እናታችን ጭን ላይ ሆነን እየሰማነው ነው ያደግነው፤ ስለዚህ አልሰማነውም። ቴፑ ሲቆም ቡከር የከበሮ ዱላውን አስቀምጦ «በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። እኔም ዓሣውን ፈታሁ።

የሰማው ሚስተር ሃላንድ ነው፣ የኩባንያው ሰው፣ ከኒው ዮርክ መጥቶ፣ ሸክላው ከታተመ በኋላ።

«ማነው ሸክላዬ ላይ የሚያወራው?»

«የት ላይ?» አለው ቡከር።

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ! አትሰሙም እንዴ?»

አስደመጠን። ቡከር ጆሮውን ወደ ማጉያው አስጠግቶ «የሚያወራ ሰው የለም» አለ። ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ደገመው። «አሁንም የለም ጌታዬ።» ሲደግመው አንተ ራስህን እያከክ «እህ፣ እሱን ነው? እሱማ ወሬ አይደለም» አልክ።

«ወሬ ካልሆነ ታዲያ ምንድነው?»

ሁላችሁም ተያያችሁ። በመጨረሻ ቡከር «ጁኒየስ ተቸግሮ ነበር» አለ። ሚስተር ሃላንድ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የተወሰነውን አይተሃል። ሰው ወደ ሱቁ ሲመጣ የዘፈኑን ስም አይጠራም፤ «ያቺን ቀስ በል የምትለዋን ስጪኝ» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ደንበኛ አንድን ዕቃ በምን ስም እንደሚጠራው ካወቅኩ፣ በዚያው ስም ነው የምሸጠው። አንተ ከሞትክ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ማጉያውን አጠፋ ነበር። ልጃችን ሮሼል ገና አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን መርፌውን በትንሽ ጣቷ አንስታ መልሳ እዚያው ላይ ስታስቀምጠው አገኘኋት። «አባዬ ነው አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላጠፋሁትም። ማጉያውን በሩ ላይ ሰቀልኩት። መንገደኛው ሁሉ ሰማህ፤ ድምፅህ ላማር ጎዳና ላይ ከአውቶቡሱ ድምፅ ጋር አብሮ ኖረ። ዓመታት ሲያልፉ ሰዎች ለቀልድ ይሉት ጀመር፤ መኪና ለማቆም የሚቸገር ሲያዩ፣ አጥንት የሚግጥ ሲያዩ፣ «ቀስ በል ወንድሜ!»። እኔም ካናቴራ ላይ አሳተምኩት፣ በጥቁር ላይ በወርቃማ ፊደል። ለሃምሳኛው ዓመት ደግሞ አዲስ አዘዝኩ።

በሚያዝያ ቴረንስ የሚባል ልጅ ከኩባንያው ደወለ። እንደ እኛው ጥቁር ልጅ ነው፣ ከዲትሮይት፣ አነጋገሩ የታረመ።

«ወይዘሮ ቲልማን፣ አንድ ነገር ላስፈቅድዎት ነበር። አሁን ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ማሽን አለ። አቶ ብራንች የባለቤትዎ ንግግር ከሦስተኛው ስንኝ ላይ እንዲወጣ ጠይቀዋል።»

«እንዲወጣ?»

«አዎ። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን ማንም እንዳይነካው ብለዋል።»

«አቶ ብራንች ስልክ የለውም?»

«እንደሚመስለኝ እርስዎን ይፈራሉ» አለኝ።

«ደግ አደረገ፣ ይፍራ። ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ሲወጣ አሮጌውስ?»

«ሰው ቤት ያለው ሸክላ አይጠፋም። በስልክም በሬዲዮም ከዚያ በኋላ የሚሰማው ግን አዲሱ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ መደርደሪያ አስተካከልኩ። ፊደል የሳቱትን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ስናደድ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ሽፋኑ ላይ ስምህ በትንሽ ፊደል ነው ያለው፣ ሰው አያነበውም። ያ ቃል ከወጣ በዚያ ሸክላ ላይ የቀረኸው እጅህ ብቻ ነው፤ የኦርጋን መቺን እጅ ደግሞ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? በስልክ እምቢ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ፊቱን ሳላይ ከማንም ጋር ተደራድሬ አላውቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዋይትሄቨን ሰፈር ወዳለው ቤቱ ነዳሁ።

በሩን ራሱ ከፈተ። ቬስ፣ ባየኸው አታውቀውም። ያ የበር መቃን የሚሞላ ትከሻ የለም። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ሲሊንደሩን በጎማ ጋሪ እየጎተተ ነው የሚሄደው። አፉ ግን ያው ነው።

«አርኔታ። እጅሽ ላይ ያለው ምንድነው፣ ምን ልትሸጪልኝ ነው?»

«የስኳር ድንች ኬክ ነው። በነጻ ነው፤ ሳልጸጸት ተቀበለኝ።»

«አንቺ ነሽ የጋገርሽው?»

«ሮሼል ናት።»

«እንግዲያው ይበላል» አለና ወደ ውስጥ አስገባኝ።

ቆረስኩለት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ አቆመ። እኔም አላቆየሁትም፤ «በሌላ ሰው አፍ ማስጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርከው?» አልኩት።

«ላንቺ ስደውል ዕቃ ትጠቀልያለሽ። እሺ ትያለሽ፣ ከዚያ ገንዘብ ስትመልሺ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ መሃል አይነገርም።»

እውነቱን ነው።

«ያንን ቃል መልሺልኝ፣ አርኔታ።»

«የትኛውን ቃል ነው ከአንተ የወሰድኩት?»

«ለእኔ ነው ያለው። ለሸክላው አይደለም። ለሰዉም አይደለም። እናቴን ቀብሬ መጥቼ፣ ቆሜ ልወድቅ ስል፣ አንድ ሰው ለእኔ ያለኝ ነገር ነው።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት። «ስምንት ዓመት ይሆናል፣ አትላንታ፣ መናፈሻው ውስጥ ስዘፍን፣ እዚያው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሼ ጠፋ። ትርኢት አልነበረም፤ በእውነት ጠፋ። ሰዉ ቢራውን እንደያዘ፣ እየሳቀ፣ እየጨፈረ ‹ቀስ በል!› ይለኛል። ግማሹ ያንቺን ካናቴራ ለብሷል። እዚያ ቆሜ ቬስ ያለኝን ፈለግኩት። ያ ሁሉ ሰው እየጮኸው አጣሁት። ከዚያ ወዲህ ዘፍኜው አላውቅም። ጉሮሮዬ ነው ስላችሁ አመናችሁኝ።»

ካናቴራው የእኔ ነው። ግን ለመሸጥ ሄጄ አይደለም፣ ላለመሸጥ ነው የሄድኩት፤ ስለዚህ የእኔን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ።

«አንተ ቃሉን ነው የምትፈልገው። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው። ሮሼል አባቷን የምታውቀው በዚያ ብቻ ነው።»

«ቤትሽ አሮጌው ሸክላ አላት። አንቺም አለሽ፣ ንገሪያት። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ አንቺ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ማድቤት ውስጥ አግኝተሽዋል።»

«አጥቼዋለሁ» አልኩት።

ለማንም ነግሬ አላውቅም ቬስ፣ በማስታወሻዬም ላይ አልጻፍኩትም። ከአፌ አመለጠ።

«ሌላውን ሁሉ አጥቼዋለሁ ጁኒየስ። ሲቆጣ፣ ሲያንጎራጉር፣ ሲጠራኝ። ያ ሸክላ ይህን ሁሉ ዓመት በሩ ላይ ሲጮህ ሲጮህ ሌላውን ሁሉ በላው። አሁን ባሌ ጭንቅላቴ ውስጥ መናገር የሚችለው ያንን ብቻ ነው። ‹ቀስ በል ወንድሜ›። ሚስቱን! ስታመም ‹ወንድሜ›፣ ስተኛ ‹ወንድሜ›!»

ጁኒየስ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ እንባ አመጣለት፣ እኔም ሳቅኩ። አሮጊትና ሽማግሌ ኬክ ፊት ተቀምጠን ስንስቅ ያየን ሰው ደስ ብሎናል ሊል ይችላል።

ከዚያ አይኑን ጨፈነ። የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ላይ አነሳ። ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ ድሮ ቃና ሲፈልግ እንደሚያደርገው። ዘፋኝ የሰማውን ድምፅ እንደማይረሳ አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም።

«ኔ–ታ! ስጎውን ረሳሽው እንዴ?»

በጁኒየስ አፍ አንተ ነህ፣ ስሜን እንደ ልማድህ አሳጥረህ። ትንሽ በአፍንጫ፣ ሁለተኛው ፊደል ላይ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ እንደረሳሁት እያወቅክ እንደምትጠይቀኝ፣ መሃሉ ላይ ሳቅ ያለበት። የበረዶ ፋብሪካው በር ላይ ቆመህ። እኔም፣ የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ አልረሳሁትም ልልህ ወደ በሩ ዞርኩ።

በሩ ላይ የጁኒየስ ካፖርት ተሰቅሏል።

«ድገመው» አልኩት።

«ትንፋሼ አይችልም።»

«ጁኒየስ፣ ድገመው።»

ደገመው። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ቱቦውን እኔው ነኝ መልሼ አፍንጫው ላይ ያደረግኩለት።

«ተስማምተናል» አልኩት። «ቃልህን ውሰድ።»

በመኪናዬ ስመለስ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሌላ ድምፅ እንዳይገባብኝ ፈራሁ።

ሮሼልን ሱቅ ውስጥ አገኘኋት፤ የበዓሉን ካናቴራ በየልኩ እያጠፈች። ልጅህ ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትቆጣ ግን ግንባሯ የአንተ ነው። ነገርኳት። እጥፉን አስቀመጠች።

«ፈቀድሽ?»

«ፈቀድኩ።»

«እማዬ፣ እኔን አልጠየቅሽም።»

«አሮጌው ሸክላ ቤታችን አለ፣ ማንም አይወስድብሽም።»

«ቤታችን መኖሩን መቼ አጣሁት? እኔ እኮ የምወደው ሌላ ሰው ሲሰማው ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ የማላውቀው ሰው አብሮት ሲል። ‹አባቴ ነው› አልላቸውም፤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ያ ነበር የእኔ አባት። አንቺ ደግሞ ለአጎቴ ጁኒየስ በኬክ ለወጥሽው።»

«በኬክ አይደለም።»

«በምን ነው ታዲያ?»

ልነግራት ፈልጌ አልቻልኩም። ስሜን በአንተ ድምፅ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ጁኒየስ ለእኔ የሰጠኝን ለእሷ ማስተላለፍ አልችልም፤ እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እስከ በዓሉ ድረስ ስለ ሥራ ካልሆነ አላናገረችኝም። እኔም አልወቅሳትም። በዚህ ንግድ የከሰረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በዓሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞላ። አምባዛና ፓስታ፣ ጎመን፣ ከየቤቱ የመጣ ኬክ። ቡከር በልጅ ልጁ ተደግፎ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ እናት የሚላት እናት ሉዲ ሆልምስ፣ ያቺ እኔና አንተ ስንጋባ ራሱ አሮጊት የምትመስለን፣ በነጭ ኮፍያዋ ከፊት ተቀምጣለች፤ አልሞትም ብላለች። ጁኒየስ በመጀመሪያው ረድፍ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር። ሮሼል ከኋላ፣ ከምግቡ ጠረጴዛ ጀርባ፣ ፊቷን ሳትሰጠኝ ሳህን ታድላለች።

አዲሱን ሸክላ አጫወቱ። እኔ ከሮሼል ሌላ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ገና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ እጁን እያነሳ፣ እየሳቀ «ቀስ በል ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። ከሦስታችን በቀር አንተ እንደሌለህ አንድም ሰው አላወቀም። ጮኸው ሸፈኑት። መጀመሪያም ያልሰማነው ሁላችንም የምንለው ስለሆነ ነው፤ አሁንም መጥፋቱን ያልሰሙት ለዚያው ነው።

ጁኒየስን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ለካ ከሸክላው ላይ ማውጣት ይቻላል እንጂ ከሰው አፍ ማውጣት አይቻልም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል ነው ብለው አንዳንዶቹ ውሃ ሊያቀብሉት ተነሱ። ሳል አልነበረም። እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት እናቱን የቀበረ ጊዜ ነው፤ ያኔም ያለቀሰው በቅዳሜው ቀብር ሳይሆን በማክሰኞው ዘፈን ነው። ሰዉ ግራ ገባው። ሳቁ በየቦታው ቆመ። አንዱ ሸክላውን ሊያቆም እጁን ሲዘረጋ፣ እናት ሉዲ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ወደ እሱም ሳትዞር፣ ማራገቢያዋን እያወዛወዘች አለችው፦

«ቀስ በል ልጄ።»

አንድ ከኋላ ያለ ሰውዬ በወፍራም ድምፅ «አዎ፣ ቀስ በል» አለ። ከዚያ ሌላዋ። የሚጮህ የለም። እሁድ እንደሚባለው ነው፣ ዝቅ ብሎ፣ ከአፍ ሳይሆን ከደረት። ካናቴራውን የለበሱት ወጣቶች ሳይቀሩ። ጁኒየስ የፈለገውን ያህል አለቀሰ። ማንም አላፈረበትም። ሲጨርስ አፍንጫውን ጠረገና «ዓሣው አለቀ እንዴ?» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት በፊት አዲሱን ሸክላ ብቻዬን አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ በጸጥታ ልሰማው ይገባኛል ብዬ ነው፤ የሸጥኩትን ዕቃ ማወቅ አለብኝ። መርፌው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደረሰ። ጁኒየስ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሹ ተሰማ። ከዚያ አንተ የለህም።

ቬስ፣ ኦርጋኑ አለ። በቃልህ ስር ተሸፍኖ ኖሮ እስከ ዛሬ አንዳችንም ሰምተነው አናውቅም። ቡከርና ባሱ እየሄዱ ነው፤ አንተ ግን መሄድ ሲገባህ አልሄድክም። ግራ እጅህ ያንን አንድ ቃና ይዞ ቆሟል። አትለቀውም፣ አትጨምርበትም። ቀኝ እጅህ ከላይ ሁለት ቁልፎችን በዝግታ ይነካል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይነካል፤ ሰው ሲያለቅስ ጀርባውን እንደሚያሹለት። ጁኒየስ እስኪመለስ እንዲህ ትጠብቀዋለህ። ሲመለስ አብረኸው ትሄዳለህ።

ሮሼል የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ኖሮ ከኋላዬ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም።

«መልሺው» አለችኝ።

መርፌውን መለስኩት።

«ይሄ እጁ ነው?»

«እጁ ነው።»

«አሮጌው ላይ የለም እኮ።»

«አለ። ድምፁ ሸፍኖት ነው።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሰማችው። ደግማ ራሷ መለሰችው። ይቅር አላለችኝም፣ እንዳትሳሳት፤ ቡና ጠጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ግን እስከ ምሳ ድረስ ያንን አንድ ቦታ ብቻ ስታጫውት ነበር። እኔም አላስቆምኳትም። ደንበኞች «ሸክላው ተሰናክሏል እንዴ?» ሲሉን ሁለታችንም አልመለስንም።

ቴረንስ ደውሎ ማሽኑ ነቅሎ ያወጣውን ድምፅህን፣ ለብቻው የቆመውን፣ ሊልክልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ለጁኒየስ ላክለት አልኩት። ቃሌ ቃል ነው። ካናቴራዎቹን ሸጥኳቸው፣ ታውቀኛለህ፤ ጥሩ ጨርቅ ነው። ደግሜ ግን አላዘዝኩም።

ስለ እኔ ደግሞ ይኸውልህ። ያቺ «ኔታ» ያልከኝ እየሳሳች ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስፈልጋት ትመጣ ነበር። አሁን ሁለተኛው ፊደል ላይ ወረድ ማለትህን አውቃለሁ፤ ማወቅና መስማት ግን የተለያዩ ናቸው። ከጁኒየስ ሌላ ያንን ድምፅ የያዘ ማንም የለም። ጁኒየስ ደግሞ ትንፋሹ እያለቀ ነው፤ ድገምልኝ ብዬ ዳግም ልጠይቀው አልፈልግም። ተደራድሬ የተቀበልኩት ዕቃ የማይቆይ እንደሆነ ገና እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ አውቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እቀበል ነበር።

ልከፍት ነው። ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል፣ በመስታወቱ አጮልቀው እያዩኝ ነው። በሩ ላይ ያለውን ማጉያ አዲሱን እንዲያጫውት አድርጌዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ላማር ጎዳና የሚሰማው እጅህን ነው።

በደህና ቆየኝ፣ ቬስ።

አርኔታ